እውነት ለሥራ የማይሆን ሰው አለ?

አራት ኪሎ አንድ ወዳጄ ትንሽ ኬክ ቤት አለው። የበሩ መስታወት ላይ «ዕቃ አጣቢ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከስልኩ ሥር በወፍራም እስክሪብቶ «ተያዥ ያለው/ያላት» ይላል። ፀሐይ መትቶት ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ከተለጠፈ ሁለት ወር አልፎታል።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ስድስት ሰባት ልጆች አጥር ተደግፈው ይውላሉ። ጠዋት ሳልፍ አሉ፤ ማታ ስመለስ አሉ።

«ሠራተኛ አጣህ እንዴ?» አልኩት ወዳጄን። በአገጩ ወደ አጥሩ አሳየኝ።

«ሰው ሞልቷል፤ ሠራተኛ የለም። እነዚህ ሰው አይሆኑም።»

ማኪያቶዬን ጨርሼ ስወጣ ከልጆቹ አንዱን፣ በዓይን የምንተዋወቀውን፣ ወረቀቱን አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይቼዋለሁ ጋሼ። ሥራ ነው እንዴ እሱ?» አለኝ።

በሁለቱ መካከል ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አንዱ ሠራተኛ የለም ይላል፤ ሌላው ሥራ የለም። ሁለቱም አልዋሹም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ ነው የተቀመጥኩት።

ከአነጋገራችን እንጀምር። ሥራ የማይዝን ሰው «ሰው አይሆንም» እንላለን። «እጁ ሥራ አይነካም»፣ «ሥራ አይበረክትለትም» እንላለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሁሉም ጥፋቱን ሰውየው ላይ ይጥላሉ። ቅጥር ግን የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ሁለት ወገን የሚዋዋልበት ነገር ነው። የበዓል ዋዜማ የበግ ገበያን አስቡት። ሻጩ «ከዚህ በታች አልሰጥም» የሚለው ዋጋ በልቡ አለ። ገዢውም «ከዚህ በላይ አላወጣም» የሚለው አለው። ሁለቱ ካልተገናኙ በጉ ተመልሶ ይሄዳል። በጉ ግን መጥፎ በግ ነው ማለት አይደለም።

ጉልበት የሚሸጥ ሰውም እንዲሁ ነው። «ከዚህ ባነሰ አልሠራም» የሚለው መነሻ አለው። አሠሪውም ይህ ሰው ከሚያስገባልኝ በላይ አልከፍልም የሚልበት ጣሪያ አለው። ስለዚህ «ለሥራ አይሆንም» ስንል ጥያቄው ለየትኛው ሥራ፣ በስንት ብር፣ የት ሰፈር የሚል ነው። በየትኛውም ሥራ፣ በየትኛውም ዋጋ የማይገናኝ ሰው አለ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ልጁ «ሥራ ነው እንዴ እሱ?» ያለውን እንየው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። እኔም ትንሽ ተናድጄ ነበር። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ስሠራው ግን ንዴቴ ቀነሰ።

መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም በር ቢከፍትም ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ግን 6,000ውን እንያዝ። ጡረታ 7 ከመቶ፣ 420 ብር ይነሳል። የሥራ ግብር 700 ብር ይነሳል። እጅ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ሠራተኛው ድሮ ካዛንቺስ ይኖር የነበረ፣ በመልሶ ማልማቱ ገላን ጉራ የሄደ ሰው ነው እንበል። ለታክሲ ደርሶ መልስ በቀን 80 ብር፣ ለምሳ 100 ብር ያወጣል እንበል። በ26 የሥራ ቀን 4,680 ብር ነው።

ወር ሙሉ ለፍቶ የሚተርፈው 200 ብር ነው።

ምሳ ቢቋጥር፣ በታክሲ ፋንታ አውቶቡስ ቢጠብቅ ይሻሻላል፤ አልክድም። ግን የሚቋጠረውስ ምሳ በነፃ ይመጣል? መሀል ከተማ ላይ በእግር ሥራ ይገባ የነበረ ሰው ወደ ዳር ሲወጣ «ከዚህ በታች አልሠራም» የሚለው ዋጋ ይጨምራል። ሰውየው አልሰነፈም። መንገዱ ረዘመ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ ልበል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ በሳምንቱ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳን ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ይባላል። አጥሩን ከተደገፉት ልጆች አንዱ ቅዳሜ ሶፋ ተሸክሞ ፎቅ አውጥቶ ከሆነ፣ በዚያ ሳምንት ሥራ አጥ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት የሥራ አጥነቱ መጠን በአገር ደረጃ 8 ከመቶ፣ በከተማ ግን 18.7 ከመቶ ነበር። ገጠር ሥራ ሞልቶ አይደለም። ገጠር ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም፤ ቢያንስ ከብት ይጠብቃል። ቁጥሩ ሥራው ያኖራል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ደግሞ እኛ ራሳችን «ሥራ» የምንለው ሌላ ነገር ነው። ጀብሎውን «ምን ትሠራለህ?» ብትሉት፣ ማስቲካና ሶፍቱን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ «ሥራ እየፈለግኩ ነው» ይላችኋል። ሥራ ማለት ደመወዝ ያለው፣ ጠረጴዛ ያለው፣ ቢቻል የመንግሥት የሆነ ነገር ነው። ይህ ከሜዳ አልመጣም። በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው በምደባ ሥራ ይይዝ ነበር። ያንን ያየ አባት ልጁን «ተማር፣ ሰው ሁን» ብሎ ነው ያሳደገው። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ መሀል አድጎ ዕቃ ልጠብ ማለት ቀላል አይደለም። ትምህርቱም ቢሆን ወንፊቱ እየጠበበ ሄዷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወደ 97 ከመቶ የሚጠጉት ሁሉ ሰው አይሆኑም ልንል ነው?

ከ30 ዓመት በፊት ገደማ ከከተማ ቤተሰቦች የተሰበሰበ መረጃ ያጠና ተመራማሪ ያገኘው ነገር ይገርመኛል። ሥራ አጥ ወጣት ወንዶች በአማካይ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ጠብቀዋል። አብዛኞቹ የድሃ ድሃ ልጆች አልነበሩም። የተማሩ፣ ገና የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚፈልጉ፣ መካከለኛ ኑሮ ካለው ቤት የመጡ ነበሩ። አስቡት፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ራሱ ስፖንሰር ይፈልጋል። እናት ቤት እንጀራ ካለ ይጠበቃል። ከሌለ ግን የተገኘውን ተሸክሞ ማደር ነው።

ወደ ይሉኝታ እንምጣ። አራት ኪሎ ጫማ የሚጠርጉትን ሊስትሮዎች አገራቸውን ብትጠይቁ አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። የሰፈሩ ልጅ የሰፈሩን ሰው ጫማ አይጠርግም። ያ አጥር ሥር ያገኘሁት ልጅ ቆየት ብሎ የነገረኝም ይህንኑ ነው። «ጋሼ፣ አብረውኝ የተማሩ ልጆች እዛ ኬክ ቤት ይመጣሉ። እኔ የጠጡበትን ብርጭቆ ልጠብ?» አለ። ይኸው ልጅ ነገ ዲቪ ቢደርሰው ዋሽንግተን ሄዶ መኪና ያቆማል፤ ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን ያጥባል። ደስ ብሎት ነው የሚሠራው። ክፍያው አንድ አይደለም፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ግን ከክፍያው እኩል የሚያየው ሰው አለመኖሩም አለበት። የሰው ፊት እሳት ነው፤ እሳቱ ደግሞ የሚያቃጥለው የሚያውቁህ መሀል ነው።

ይህ ንቀት ዕድሜው ረጅም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየሰደባችሁ ሠራተኛ ልታጠፉብኝ ነው የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። ንጉሥ በአዋጅ እስኪከለክለው ድረስ የደረሰ ስድብ በአንድ ትውልድ አይጠፋም። አልጠፋምም። እኛው «ሥራ አይናቅም» እያልን፣ ልጃችን ዘበኛ ልሁን ቢል ምን እንደምንለው እናውቃለን። ሥራ ይንቃል ብለን የምንከሰው ወጣት ንቀቱን ከእኛው ነው የተማረው።

ዝቅተኛ ሥራን ትቶ የሚሄድ ሰው ሁሉ ግን በይሉኝታ አይደለም የሚሄደው። እዚሁ አገራችን ውስጥ ሁለት የውጭ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ አለ። አምስት ድርጅቶች ለዝቅተኛ ሥራ ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾች ነበሯቸው። ተመራማሪዎቹ በዕጣ በሦስት ቡድን መደቧቸው። አንዳንዱ ፋብሪካ ገባ፤ አንዳንዱ 300 ዶላር ገደማ የሚሆን ብርና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሌላው ምንም አላገኘም። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ጥለው ወጡ። ገቢያቸው ምንም ካላገኙት አልበለጠም፤ የጤና ችግራቸው ግን ጨመረ። ብር የተሰጣቸው በአንደኛው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል ከፍ አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ጠፍቷል፤ ይህንንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ሆኖም አለቆቻቸው «ሥራ አይበረክትላቸውም» ያሏቸው ሰዎች ሲሠሩት የነበረው ቀላል ሒሳብ ነው። ሳንባዬን ሰጥቼ የማገኘው ጉልት ቸርችሬ ከማገኘው ካልበለጠ ለምን እቆያለሁ?

አሁን በወረቀቱ ላይ በወፍራም የተጻፈችውን ቃል እንያት። ተያዥ።

እኔ ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ ይህች ቃል ለምን እንደማትነሳ አይገባኝም። ገንዘብ ያዥ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ዕቃ አጣቢም ሳይቀር ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ ማለት ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ፣ «ይህ ሰው ቢያጎድል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ይህን እንዲያደርግልኝ ማንን ልጠይቅ? አጎቴን። አጎቴ ከሌለኝስ? አጎቴ እንደ እኔው የቀን ሠራተኛ ከሆነስ? ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ሰው ደመወዝተኛ ሊሆን አይችልም እንደማለት ነው። ቁልፉ ከተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ጠንካራ፣ ጨዋ፣ እጁ የማያርፍ ሆኖ ተያዥ በማጣት ብቻ የሚቀር ስንት ሰው እንዳለ ደላላ ጠይቁ።

አሠሪውንም አልፈርድበትም። ወዳጄ ከዓመታት በፊት የቀጠረው አንድ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት የጋዝ ሲሊንደሩን ይዞ ጠፍቷል። የማያውቀውን ሰው ቤቱ የሚያስገባ ሰው ይፈራል። ተያዥ ያንን ፍርሃት የሚቀንስበት መንገድ ነው። ችግሩ የሚለካው የአመልካቹን ታማኝነት አለመሆኑ ነው። የሚለካው የአጎቱን ደመወዝ ነው።

ለዚህ ፍርሃት በጥናት መልስ የተገኘበት አንድ ነገር አለ፤ የተሠራው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ የምትመላለሱ ከነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሥራ ፈላጊው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ በኪራይ ያነብ ነበር። ማስታወቂያዋን ብቻ ገልብጦ ይመልሳል። እዚያ ለመድረስ ግን ታክሲ አለ፤ ኮፒ አለ፤ ፎቶ አለ። ሥራ መፈለግ ገንዘብ ይበላል። ተመራማሪዎች ዳር ከተማ የሚኖሩ ወጣቶችን ወስደው ለአንዳንዶቹ መሀል ከተማ መጥተው ሥራ የሚፈልጉበት የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌሎቹ ሲቪ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ አሳይተው፣ ችሎታቸውን ፈትነው ውጤቱን በምስክር ወረቀት ሰጧቸው። ሁለቱም ለጊዜው ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የምስክር ወረቀቱ ቡድን ካልተረዱት በ20 ከመቶ ገደማ የበለጠ ያገኝ ነበር። የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር።

የልጆቹ ጠባይ አልተለወጠም። አዲስ ሙያም አልተማሩም። የሚችሉት ነገር ለማያውቃቸው ሰው እንዲታይ ብቻ ነው የተደረገው። ትናንት «አይሆንም» የተባለው ልጅ ዛሬ የሚሆነው ወረቀት ስለያዘ ከሆነ፣ ትናንትም ይሆን ነበር።

እንግዲህ ወደ አቆየሁት ጥያቄ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ በእውነት ለሥራ የማይሆን ሰው አለ?

አለ። ቢያንስ ለጊዜው አለ። ሰኞ ሰኞ የሚጠፋ፣ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ስልኩ የማይሠራ፣ ጠጪ፣ ከሰው ጋር በሦስት ቀን የሚጣላ ሰው አጋጥሞን ያውቃል። ሕጉም ያውቀዋል። በአዋጅ 1156 መሠረት በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። አዲስ ተቀጣሪም እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ ይታያል። ግን ከእነዚህ ሰዎች ስንቱ እንዲህ ሆኖ ተወለደ? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። አራት ዓመት የተቀመጠ ሰው ጠዋት መነሳት ይረሳል። መታዘዝ ይከብደዋል፤ ጫቱም ይለመዳል። መጀመሪያ ሥራ ስላጣ ተቀመጠ፤ ኋላ ስለተቀመጠ ለሥራ አይሆንም ተባለ። የአእምሮ ሕመም ያለበትም አለ። ቤተሰቡ ጠበል ያመላልሰዋል፤ ሰፈሩ ሰነፍ ይለዋል።

ጨርሶ መሥራት የማይችለው ስንት ነው? አንድ ጥሩ ፍንጭ አለን። በ2009 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የተነደፈው ለ604,000 ያህል ሰዎች ነበር። እነዚህ ከከተማው ነዋሪ የመጨረሻዎቹ ድሆች ናቸው። ዕቅዱ 84 ከመቶ የሚሆኑትን ሥራ ላይ አሰማርቶ መክፈል ነበር። ለ16 ከመቶዎቹ፣ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በጉዳት መሥራት ለማይችሉት፣ ሥራ ሳይጠይቅ ድጋፍ መስጠት ነበር። ከድሃም ድሃው መሀል እንኳ ከአሥሩ ስምንቱ መጥረጊያ ይዞ መንገድ ላይ እንዲወጣ ነው የታሰበው። የቀሩት ሁለቱ ሥራ ሳይሆን ድጋፍ ነው የሚፈልጉት።

ከእነዚያ ሁለት መሀል ደግሞ አካል ጉዳተኛውን በጅምላ አትክተቱ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ቦታውን እንዲያመቻችለት ያዛል፤ በጉዳቱ ምክንያት መግፋትን ይከለክላል። የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች ናት። ጠበቃ ሆነች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። ሁሉም እሷን ይሆናል አልልም፤ ዓይን ያለውም ሁሉ ጠበቃ አይሆንም። ግን በልጅነቷ ያያት ጎረቤት «ምን ልትሆን ነው» ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ አወራሁለት። ኬክ ቤቱ ጭር ያለበት የከሰዓት ሰዓት ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ያለችውን «ተያዥ ያለው/ያላት» በእስክሪብቶ ሰረዛት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ከወሎ የመጣች ልጅ ገባች። ዘመድ የላትም። ይኸው አራተኛ ወሯ ነው፤ አሁን ብርጭቆ ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ትነካካለች።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ መስታወቱ ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን» ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከስልኩ ሥር፣ በዚያው በወፍራሙ እስክሪብቶ፣ «ተያዥ ያላት»።